ዓመቱን በጳጉሜ መሰብሰብ፦ ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት

ጳጉሜ ደመወዝ የላትም። የቤት ኪራይም አይታሰብባትም። አብዛኛውን ጊዜ አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ ስድስት ቀን ሆና፣ ነሐሴና መስከረም መሃል ተሸጉጣ ታልፋለች። እኛ ቤት ግን ሥራ አላት። ያለፈውን ዓመት የምንሰበስበው በእሷ ነው። ልጆቹ ያገኙትን፣ የወደዱትን፣ ሰሞኑን ሙሉ ያወሩለትን ነገር አንድ ደብተር ላይ እናሰፍራለን።

እንዴት ነው የምታደርጉት ብለው የሚጠይቁኝ ጎረቤቶች ስላሉ በሥርዓቱ ልጻፈው። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቋ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ሦስት። የምንኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ባለቤቴም እኔም ተቀጣሪዎች ነን። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ብዙ ብርም ብዙ ጊዜም አይጠይቅም።

ለምን በጳጉሜ?

ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ለእንቁጣጣሽ ቤት ሲጸዳ ደግሞ ቁም ሳጥኑም የአልጋው ሥርም ይገለበጣል። የጠፋው ሁሉ የሚገኘው ያኔ ነው። ከዚያ ውጭ ዓመቱ ገና ትኩስ ነው። ጥቅምት ላይ ቁጭ ብላችሁ "አምና ምን ሠራን?" ብትባባሉ የሚመልስላችሁ የለም።

ስልካችሁ ግን ጳጉሜን አያውቃትም። ጋለሪው ፎቶዎቹን የሚደረድረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ዓመቱን ስትፈልጉ ካለፈው ሴፕቴምበር 11 ጀምሩ። የቀደመችው ጳጉሜ ስድስት ቀን የነበራት ከሆነ ግን መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ነው። ጳጉሜ 1 ሴፕቴምበር 6 ላይ ትውላለች። ከዚያ እስከዚህ ያለውን መርጣችሁ አንድ አልበም ውስጥ ክተቱት፤ ስሙንም በእኛ ዓመተ ምሕረት ጻፉት። ይኼን ብቻ ብታደርጉ እንኳ ግማሹ ሥራ አለቀ።

የሚያስፈልገው ዕቃ

አጀንዳ። ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች በየዓመቱ ከሚያድሉት፣ ጠንካራ ሽፋን ካለው፣ ማንም ቤት ሁለት ሦስት ባዶውን ተቀምጧል። የተለየ አልበም መግዛት አያስፈልግም። እንዲያውም አልበም አልወድም፤ ፎቶ ብቻ ነው የሚይዘው። አጀንዳ ላይ ግን መጻፍም፣ መለጠፍም፣ መሳልም ይቻላል። ገጹ ላይ የታተመውን ቀን ችላ በሉት። አጀንዳ ከሌላችሁ ባለ 50 ሉክ ደብተር በወፍራም ወረቀት ሸፍኑ፤ በቂ ነው።

ኮላ፣ መቀስ፣ ፕላስተር፣ ሁለት ሦስት ፖስታ። ፖስታው ከደብተሩ የመጨረሻ ሽፋን ውስጥ ይለጠፍና የማይለጠፍ ነገር ይገባበታል፤ ቁልፍ፣ ላባ፣ ጠጠር፣ የወለቀ ጥርስ እንኳ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የጫማ ካርቶን ነው። መስከረም ላይ በሩ አጠገብ፣ ልጆቹ የሚደርሱበት ቦታ ይቀመጣል። ዓመቱን ሙሉ የመግቢያ ትኬት፣ ቅጠል፣ ሥዕል፣ ከኬክ ላይ የተነሳ ሻማ፣ ምን የመሰለ ሁሉ እዚያ ይጣላል። እናንተ አትምረጡ። ልጆቹ ይክተቱበት። ትንሹ ልጃችን የቢራ ቆርኪ ሲከት ነው የከረመው። ከየት እንደሚያመጣው እስካሁን አላወቅኩም፣ እኛ ቤት ቢራ የሚጠጣ የለም።

አደይ አበባ ለሽፋኑ ካሰባችሁ ከመጀመሪያው አስቡበት። የምትፈካው መስከረም ላይ ነው፤ ጳጉሜ ላይ ስትፈልጓት በቂ አታገኙም። ስለዚህ መስከረም ላይ የተቀጠፈችውን በአሮጌ ጋዜጣ መሃል አድርጋችሁ ከላይዋ ከባድ ድስት ጫኑባት። ከሳምንት በኋላ ደርቃ ትጠብቃችኋለች። ከዚያ ካርቶኑ ውስጥ ትክረም። ስትለጠፍ በኮላ ሳይሆን ከላይዋ በሚያሳይ ፕላስተር ይሁን። ኮላ ቢጫዋን ያጠቁረዋል።

ምን ይገባል፣ ምን ይቀራል

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚደናገረው። የእኛ ሕግ አጭር ነው። ልጁ "ደግሞ!" ያለበት ነገር ይገባል። "ደግሞ እንሂድ"፣ "ደግሞ እንሥራ"፣ "ደግሞ ንገሪኝ" ከተባለ ቦታ አለው። ካልተባለ፣ የቱንም ያህል ብር ይውጣበት፣ አንድ መስመር ይበቃዋል።

ይኼ ሕግ ወላጅን ትንሽ ያሳፍራል፤ እወቁት። ዘንድሮ ተበድረን ማለት ይቻላል አንድ መዝናኛ ቦታ አድረን ነበር። ገንዳው፣ ምሳው፣ ፎቶው፣ ሁሉም ነበረ። ትልቋ ስለዚያ ቦታ የምታስታውሰው በሩ በካርድ መከፈቱን ነው። "ደግሞ" አላለችም። አንድ መስመር ተሰጠው፦ "በሩ በካርድ ይከፈታል።" አለቀ።

በአንጻሩ ባቡሩ ሁለት ሙሉ ገጽ ወስዷል። ቀላል ባቡሩን ማለቴ ነው፤ በ2008 መጀመሪያ ሥራ የጀመረውን። አያት የሚኖር ሰው በየቀኑ ስለሚያየው እንደ መዝናኛ አይቆጥረውም። እኛም አንቆጥረውም ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት ትልቋ "መጨረሻው የት ነው?" አለች። ትኬት ቆርጠን እስከ ጦር ኃይሎች ሄድን። አንድ ጉዳይ የለንም፣ ዘመድ አንጠይቅም። ደረስን፣ ወረድን፣ ሻይ ጠጣን፣ ተመለስን። 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው መንገዱ። ትንሹ መስኮቱ ላይ አፍንጫውን ደፍጥጦ ነው የዋለው። ከመስቀል አደባባይ ወዲያ ሐዲዱ ድልድይ ላይ ሲወጣና ሰዎቹ ከታች ሲቀሩ፣ "እየበረርን ነው! እየበረርን ነው!" ብሎ ሲጮህ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየው። አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ "እንግዲህ መሬት ስንደርስ ንገረኝ፣ የኔ ጌታ" አሉት። አልረሳም። ልደታ ላይ በቁም ነገር ሄዶ ነገራቸው።

ከዚያ በኋላ ትልቋ የጣቢያዎቹን ስም በቅደም ተከተል ካላጠናሁ አለች። ጉርድ ሾላ፣ መገናኛ፣ ሌም ሆቴል፣ ሃያ ሁለት፣ ዑራኤል፣ ባምቢስ፣ እስጢፋኖስ፣ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ... እንቅልፍ እንቢ ሲላት አሁን እሱን ትቆጥራለች። ደብተሩ ላይም ራሷ ጻፈችው። ባምቢስን "ባንቢስ" ብላለች፤ አላረምኩትም።

መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ በሥራ ቀን ጠዋትና አመሻሽ አትሂዱ፤ ሕፃን ይዞ በዚያ ግፊያ የሚሆን አይደለም። እሑድ ጠዋት ጥሩ ነው። ውሃና ሶፍት ያዙ። ሽንት ቤት ከመነሳታችሁ በፊት።

እንቆቅልሽና ጤዛ

የዓመቱ ትልቁ ግኝታችን የመጣው ከመብራት መጥፋት ነው። መብራት ሲጠፋ ስልክ እየቆጠብን ነው የምንቀመጠው፤ ልጆች ደግሞ ጨለማ ውስጥ ካልተያዙ ይነጫነጫሉ። ባለቤቴ እንቆቅልሽ ጀመረ። "እንቆቅልህ?" "ምን አውቅልህ!" ብለው መመለሱን በአንድ ምሽት ለመዱት። መልሱ ሲጠፋቸው "አገር ስጪኝ" ይላል። ትልቋ አገር ስትሰጥ ቢሾፍቱን ነው፣ የምታውቀው እሱን ነው። ትንሹ ግን ምንጊዜም "ሱቅ!" ነው የሚለው። እና ባለቤቴ ሱቅ ሄጄ፣ ሱቅ ገብቼ፣ ሱቅ በልቼ ጠጥቼ እያለ ሲቀጥል፣ ትንሹ በሳቅ ወለሉ ላይ ይንከባለላል። ደብተሩ ላይ "የዘንድሮ አገሮች" የሚል ገጽ አለን። ቢሾፍቱ፣ ሱቅ፣ የአክስቴ ቤት፣ ሱቅ፣ ሱቅ።

ከዕለታት አንድ ቀን ባለቤቴ ያቺን የታወቀችውን ጠየቀ። "ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት?" መልሷ ጤዛ ነው፤ ሁላችንም ያደግንባት ናት። ትልቋ መልሱን ስትሰማ ዝም አለች። ከዚያ "ጤዛ ምንድን ነው?" አለች። ገርሞኝ ቀረ። አራተኛ ፎቅ የተወለደ ልጅ ጤዛ ከየት ያያል? ግቢያችን ሲሚንቶ ነው። እኛ ስንወጣ ፀሐይ ወጥታለች። ቪዲዮ ከማሳየት እናቴ ጋ እንጠብቅ ተባባልን።

እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብርዱን የማያውቅ የለም። ገና ሲቃረብ ሄድን። ጠዋት ትልቋን ብርድ ልብስ እንደደረበች ወደ ጓሮ አወጣኋት። ሣሩ ላይ ጤዛ አልነበረም። ውርጭ ነበር። ሣሩ ነጭ ሆኖ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። በጣቷ ነካችውና ወዲያው ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። "በረዶ ነው ወይስ ስኳር?" አለች። ገብተን ትኩስ ቂጣ በልተን እስክንወጣ ድረስ ፀሐይዋ ግማሹን ግቢ ይዛዋለች። ፀሐይ የደረሰበት ሣር ላይ ውርጩ ቀልጦ ጠብታ ሆኗል። ጥላው ጋ ያለው አሁንም ነጭ ነው። እሷ መሃል ላይ ቆማ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ታያለች። ከዚያ ሮጣ አያቷን "እማማ፣ እንቆቅልሹ ጓሮ ነው ያለው!" አለቻቸው። እናቴ እስከዛሬ ይቺን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያወራሉ።

ይኼ ለደብተሩ ፎቶ የለውም። እጄ ቀዝቅዞ ስልክ ለማውጣት አልተመቸኝም። ስለዚህ ሣሩን ሳለችው፤ ግማሹን አረንጓዴ፣ ግማሹን ባዶ ትታ። ነጭ ቀለም እርሳስ ስለሌላት ነው ባዶ የተወችው። ከፎቶው ይበልጣል።

ማድረግ ለምትፈልጉ ምክሬ ይኼ ነው። ልጆቻችሁ በስም ብቻ የሚያውቁት ነገር ምን እንደሆነ ልብ በሉ። እንቆቅልሽ፣ ተረትና የመዝሙር ግጥም ውስጥ ሞልቷል። ሞፈር፣ አውድማ፣ ምንቸት፣ ቋጥኝ። ከእነሱ አንዱን ምረጡና ዓመቱን ሙሉ አጋጣሚ ጠብቁለት። ዘመድ ጥየቃ ስትሄዱ፣ ለቅሶ ስትደርሱ፣ ክርስትና ስትጠሩ መንገዳችሁ ላይ ይገኛል።

ሙዚየም ከልጅ ጋር

ብሔራዊ ሙዚየም፣ አምስት ኪሎ። ሕፃን ይዞ ሙዚየም መሄድ ሞኝነት የሚመስላቸው አሉ። አንድ ነገር ብቻ ለማየት ከሄዳችሁ አይደለም። እኛ ለድንቅነሽ ሄድን። ሌላውን ሁሉ አልፈን ቀጥ ብለን ወደ ምድር ቤቱ ወረድን፣ ትዕግሥታቸው ሳያልቅ።

ልጅን የሚይዘው ሦስት ነጥብ ሁለት ሚሊዮን ዓመት የሚባለው ቁጥር አይደለም። ለስድስት ዓመት ልጅ አምናም 3.2 ሚሊዮን ዓመትም ያው ድሮ ነው። የሚይዘው ቁመት ነው። ድንቅነሽ ትልቅ ሴት ሆና ሳለ ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ገደማ ነበር። ከመሄዳችን በፊት ቤት ውስጥ ግድግዳው ላይ 1.10 ሜትር ለክተን በእርሳስ መስመር አሰመርን፤ ልጆቹ ቆመውበት ታዩ። ትልቋ በጥቂት ጣት በለጠቻት። ሙዚየሙ ውስጥ የቆመችውን ስታይ "እኔ እበልጣታለሁ" ብላ ደረቷን ነፋች። በ1974 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አፋር፣ ሐዳር ላይ እንደተገኘች፣ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ እንደተገኘ የነገርኳት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔ ሰማችኝ።

ትንሹ ደግሞ የራሱ ሰው ያስፈልገው ነበር። ሰላም ስለምትባለው ነገርኩት። የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት ዲኪካ ላይ፣ ከሐዳር ብዙም ሳትርቅ፣ በተመራማሪው በዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የተገኘችው ሕፃን ናት። የኖረችው ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ስትሞት ደግሞ ሦስት ዓመት ገደማዋ ነበር። "እንደ እኔ?" አለ። አዎ፣ እንደ አንተ። ጥቂት አሰበና "እናቷስ?" አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩ ትዝ አይለኝም፤ ጥያቄውን ግን ደብተሩ ላይ ጻፍኩት። የግድግዳው መስመርም አለ። ቀለም ስንቀባ ዙሪያውን ነው የምንቀባው።

ምሳ ዕቃ ውስጥ ያገኘነው

ረጅም አላደርገውም። በሶ ነው። የገብስ በሶ ጭብጦ እኛ ያደግንበት ነገር ነው፤ ልጆቼ ግን አያውቁትም ነበር። ዱቄቱን በውሃ፣ በትንሽ ዘይትና በጨው አሽታችሁ ራሳቸው እንዲጨብጡት ስጧቸው። እጃቸው የሠራውን ይበላሉ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ማር የጨመራችሁ እንደሆነ ይበልጥ ይወዱታል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። መንገድ ላይ አይበላሽም፣ ቦርሳ አያቆሽሽም። ባቡሩም ላይ፣ ደብረ ብርሃንም፣ ሙዚየሙ ግቢም የተበላው እሱ ነው። የትልቋ ጭብጦ ከነጣቶቿ ምልክት ፎቶ ተነሥቶ ገብቷል።

ልጆችን መጠየቅ

"ዘንድሮ ምን ወደድሽ?" ብላችሁ አትጠይቁ። "አላውቅም" ነው መልሱ። ወይም ትናንት የበላችውን ከረሜላ ትነግራችኋለች። ጥያቄው የሆነ ሰውነት ይኑረው። እኛ የምንጠይቃቸው እንዲህ ያሉትን ነው። እግርሽ በጣም የደከመው የት ነው? በጣም የበረደሽስ? ምን ሸተተሽ? ማን በጣም አሳቀሽ? የፈራሽው ምንድን ነው፣ አሁንስ ትፈሪዋለሽ? አዲስ ያወቅሽው ሰው ማነው? የጠፋብሽ ነገር አለ?

ሁለቱን አንድ ላይ አትጠይቁ። ትልቁ የተናገረውን ትንሹ ይደግመዋል። አንዱ ገላውን ሲታጠብ ሌላውን ያዙ። ሰዓቱም ከእራት በኋላ፣ ከመተኛት በፊት ያለው ነው። በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ ጳጉሜ አምስት ቀን አላት።

የሦስት ዓመት ልጅ ለጥያቄ ብዙም አይመልስም። ለእሱ ፎቶ አሳዩትና ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፣ ቻሉት። ትንሹ የአክስቱን ሠርግ ፎቶ ሲያይ ሙሽሪትን አልፎ ጥግ ላይ የቆመውን ፍየል ነው ያሳየኝ። "ይሄ ጓደኛዬ ነው" አለ። ሠርጉ ደብተሩ ላይ በፍየሉ በኩል ነው የገባው። አክስትዬው ብታውቅ ትቀየማለች።

የተናገሩትን እንዳለ ጻፉ። አታርሙ፣ አታሳምሩ። "ባንቢስ" ባንቢስ ይሁን። ቀኑን ዕድሜውን ከሥሩ አድርጉ። የአፍ መፍቻ ዘመን ያልፋል፤ አምና "ቡቡር" ይል የነበረ ልጅ ዘንድሮ "ባቡር" ብሎ ቁጭ ብሏል። የተጻፈ ባይኖር እኔም አላምንም ነበር።

ጳጉሜ 3 ላይ ግን ሥራ ይቁም። ሩፋኤል ነው። ዝናብ ከጣለ ልጆቹን አውጥታችሁ ዝናቡን ይታጠቡት፤ እኛም የታጠብንበት ነው። ፎቅ ላይ ያለ ሰው ግቢ ይውረድ፤ በረንዳ ላይ ሳፋ መደቀንም ይቻላል። ዘንድሮ የብሎካችን ልጆች በሙሉ ቁምጣ ለብሰው ወርደው ነበር። ጥበቃችን ጃንጥላ ይዘው መሃላቸው ቆመው "ቀዝቃዛ ነው፣ ግቡ!" ይላሉ፣ ማንም አይሰማቸውም። ከሞቀ ልብስና ከትኩስ አጥሚት ጋር ፎጣ አዘጋጅታችሁ ጠብቁ። ማታ የሚጻፈው ገጽ ቀድሞ ተገኘ ማለት ነው።

ድምፅ

ፎቶ ሁሉም ሰው አለው። ድምፅ ግን የለውም። የስልኩን ድምፅ መቅጃ ተጠቀሙ። ነሐሴ 13 ቡሄ ሲደርስ ወንዶቹ ዱላ ይዘው ሆያ ሆዬ ሲሉ፣ ትንሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎረቤት ልጆች ጋር ወጥቶ ነበር። ዱላው ከእሱ ይረዝማል። ግጥሙን አያውቀውም፣ የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ከሁሉም ዘግይቶ ይጮሃታል። ሙልሙሉን ሲሰጡት ግን ቀዳሚ ነው። ቪዲዮው ጨለማ ሆኖ ምንም አይታይበትም፣ ድምፁ ግን ጥርት ብሎ አለ።

የአያቶችንም ቅዱ። እናቴ ልጆቹን ሲመርቁ፣ ዶሮ ሲጠሩ፣ ስልክ ላይ "አይሰማም! አይሰማም!" ሲሉ ሁሉ አለኝ። የቀዳችሁትን ስሙን ወዲያው ቀይሩት፦ "ነሐሴ 13 ሆያ ሆዬ"፣ "እማማ ሲመርቁ ታኅሣሥ"። ስም ያልተሰጠው ቅጂ ከመቶ ሌላ ቅጂ መሃል ተፈልጎ አይገኝም። ደብተሩ ላይም "ድምፁ አለ" ብላችሁ ምልክት አድርጉ።

ፎቶ መምረጥና ማሳተም

ለአንድ ወር ከሁለት ፎቶ አትለፉ። ጨክኑ። ተደርድሮ የተነሡትን ሳይሆን እጃቸው ላይ የሆነ ነገር የያዙበትን ምረጡ። ፎቶ ቤት በ10 በ15 ይታተምላችኋል። ለበዓል ዋዜማ አታቆዩት። ፎቶውን ለፎቶ ቤቱ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል፣ ሲታተምም ፊታቸው ይደበዝዛል።

ገና ሕፃን ያላችሁ፣ ልጃችሁ ምንም የማይናገር ከሆነ፣ የራሳችሁን ጻፉ። መቼ አንገቱን ቀና አደረገ፣ ለየትኛው ዘፈን ዝም ይላል፣ ሌሊት ስንት ሰዓት ላይ ያስነሳችኋል። አራሷን እናት ማን ምን ይዞ እንደጠየቃት ሁሉ። ገንፎ ያመጣ ሰው ስሙ ይጻፍ።

ደብተሩ ሲያልቅ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ ሳታበሩ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሡ። እህቴ ዱባይ ነው የምትሠራው፤ ትልቋን ያየቻት ትንሹ ሳይወለድ ነው። እንቁጣጣሽ ጠዋት የሚላክላት እሱ ነው። ዘንድሮ ደውላ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ፍየሉ ነበር።

የመጨረሻው ገጽ ላይ "ደግሞ" የተባለለትና ያልተደረገው ይመዘገባል። ሁሉንም አናደርገውም፤ አንዱን እንመርጣለን፣ ወሩንም እንጽፍለታለን። ትልቋ ከጦር ኃይሎች ወዲያ የሚሄድ ባቡር መኖሩን ሰምታለች፤ ከፉሪ ለቡ ተነሥቶ ድሬዳዋ የሚደርሰውን። ትንሹም ድሬዳዋ ሱቅ ካለ ይስማማል። ወሩ የካቲት ተብሎ ተጽፏል። አዲሱ የጫማ ካርቶንም በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ካሁኑ ሁለት ቆርኪ ገብቶበታል።